ከብልቃጥ ውስጥ የተጻፈ ቃል

የመግቢያ ካርዶቹን ያገኘሁት በስቲከር ነው። የጥበብና የጥንታዊ ዕቃዎች ትርኢት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አስተባባሪው ላብ በላብ ሆኖ ሱቄ መጣና "መግቢያ"፣ "መውጫ"፣ "እባክዎ በእጅ አይንኩ" የሚሉ መቶ ሃያ ስቲከሮች በሁለት ቀን አድርሺልኝ አለ። አደረስኩለት። ደስ ብሎት ሁለት ካርድ ሰጠኝና ወሬውንም መረቀልኝ። የዘንድሮው ሙሉ በሙሉ የቻይና ጥበብ ነው፤ ሸክላው፣ ሐሩ፣ ቅርጹ፣ ሁሉም። ደግሞ አንዲት ትልቅ ባለሙያ ከዚያው መጥተዋል፤ ብልቃጥ ውስጥ ነው የሚሥሉት።

"ውስጥ ማለት?" አልኩት።

"ውስጥ ማለት ውስጥ ነዋ! ጠማማ ብሩሽ በአንገቱ ያስገቡና መስታወቱን ከውስጥ በኩል ይሥሉታል። የጎብኚዎች ውድድርም አለ። ያሸነፈ ሰው አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎናቸው ተቀምጦ ይማራል።"

ሰውዬው ንግግሩን ሳይጨርስ የአባቴን ስም በውድድሩ አስመዘገብኩ። አባቴን ግን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው መልሱን አውቀዋለሁ።

አባቴ አርባ አንድ ዓመት የሱቅ መስታወት ላይ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያወርድ ሰፈሩ እሱኑ "ማስመሪያ" ብሎታል። የመስታወት ጽሑፍ ዝናብና መጥረጊያ ጨርቅ እንዳያጠፋው ከውስጥ በኩል ነው የሚጻፈው። ውጭ የቆመ ሰው እንዲያነበው ደግሞ ጸሐፊው ከቀኝ ወደ ግራ እየሄደ ፊደሉን ሁሉ ገልብጦ መጻፍ አለበት። አባቴ ይህን እያፏጨ ነበር የሚሠራው። ልጅ ሆኜ ሲያስተምረኝ፣ "በ እና ሰ የዋህ ናቸው፣ ከውስጥም ከውጭም አንድ መልክ ነው ያላቸው። ባ ግን ሁለት ፊት ናት፤ ከጀርባዋ ስታያት ቦ ሆና ትጠብቅሻለች" ይለኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የዓይን ሞራ ጋረደውና ሥራ አቆመ። ሞራው በቀዶ ጥገና ተነሳ። ሐኪሙ "ከእኔ የተሻለ ያያሉ" ብሎ አሰናበተው። አባቴ ግን ብሩሾቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ወረወራቸው። "ዓይኔ ተመለሰ፣ እጄ ግን ሞቷል" አለ፤ አለቀ። እኔ በዚያው መሃል የስቲከር መቁረጫ ማሽን ገዝቼ ስለነበር ደንበኛውም አልጨቀጨቀውም። ማሽኑን ስለገዛሁ እኔው የቀበርኩት እየመሰለኝ ስንት ቀን ምሳ አንቆኛል። እጁ በእውነት ሞቶ ከሆነ አፌን እዘጋለሁ። ፈርቶ ከሆነ ግን የዚህን ሰውዬ ፍርሃት ዝም ብዬ አላይም። በትርኢቱ ቀን ማወቅ የፈለግኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ገና የትርኢቱን በር ሳናልፍ ተጀመረ። አባቴ "እንኳን ደህና መጡ" የሚለው ስቲከሬ ፊት ቆሞ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ።

"አየር ይዟል" አለ።

"የት ላይ?"

"'ደህና'ዋ ላይ። ደህና አይደለችም።"

"አባዬ፣ ልንዝናና ነው የመጣነው።"

"እየተዝናናሁ ነው" አለና በአውራ ጣቱ አየሩን ገፍቶ አስወጣው።

አዳራሹ ውስጥ ስንገባ ግን ሁለታችንም ስቲከሩን ረሳነው። ፊት ለፊታችን የእኔን ቁመት የሚያህል ነጭና ሰማያዊ የሸክላ ጋን ቆሟል፤ ዘንዶ ዙሪያውን ተጠምጥሞ የራሱን ጅራት ያባርራል። ሰማያዊው እንደ ሌላ ቀለም ላዩ ላይ የተቀባ አይመስልም፤ ከውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ከእሱ ቀጥሎ ከቀይ የዛፍ ሙጫ ቅብ የተፈለፈለ ሣጥን አለ፣ ክዳኑ ላይ ሙሉ መንደር ከነሰዉ ተቀርጿል። ማብራሪያው "መቶ ጊዜ ተቀብቶ መቶ ጊዜ ከደረቀ በኋላ የተቀረጸ" ይላል።

"መቶ ጊዜ!" ብዬ ጮህኩ።

"አንቺ ሁለተኛው ቅብ እስኪደርቅ መች ትታገሺያለሽ" አለ አባቴ። እውነቱን ነው፤ ለዚህ ነው ስቲከር ቆራጭ የሆንኩት።

ከዚያ በኋላ እግሬ መሬት አልነካም። ቀጭን የመዳብ ሽቦ እንደ አጥር ተሠርቶ በየክፍሉ ቀለም ተሞልቶ እሳት የገባ የአበባ ማስቀመጫ አየሁ፤ ሐምራዊው ከአረንጓዴው ጋር ተጎራብቶ አንዱ አንዱን አይነካም። ከአረንጓዴ ድንጋይ የተፈለፈለ ጎመን አየሁ፤ ቅጠሉ ላይ አንበጣ ተቀምጧል፣ አንበጣውም ድንጋይ ነው። በሐር ክር የተጠለፈች ድመት አየሁ። ጨርቁን ሲያዞሩት ከጀርባውም ያችው ድመት ናት፣ ቋጠሮ የሚባል ነገር የለም።

"ቋጠሮው የት ገባ?" ብዬ ጠባቂዋን ጠየቅኳት።

"እኔ ያንን ባውቅ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ እውላለሁ?" አለችኝ።

አባቴ እየሳቀ ነበር። ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። ዕድሉ ሳያመልጠኝ እጁን ይዤ ወደ አዳራሹ ጥግ፣ ወደ ብልቃጦቹ ወሰድኩት።

የመስታወት ሣጥን ውስጥ አርባ ያህል ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ ትልቁ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ድሮ ሱረት የሚያዝባቸው ነበሩ። አንገታቸው ምስር ቢገባ ነው። በዚያ ቀዳዳ ግን ሰው ምን ያላስገባው አለ! ተራራ ገብቷል፣ የሚዋጉ ዶሮዎች ገብተዋል፣ በረዶ ላይ ተቀምጦ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ከነጀልባው ገብቷል።

አባቴ ሽማግሌው ፊት ቆመና ቀረ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አፍንጫው የሣጥኑን መስታወት ነካ።

"ጢሙን ነው ያስቀደሙት" አለ ለራሱ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ጢሙን ነው ያስቀደሙት! እዪ፣ ወረቀት ላይ ብትሥዪ ፊቱን ትቀቢያለሽ፣ ጢሙን በላዩ ትጨምሪያለሽ። ከመስታወት ውስጥ ግን መጀመሪያ የቀባሽው ነው ፊት የሚወጣው። ጢም፣ ከዚያ ፊት፣ ከዚያ ኮፍያ፣ ሰማዩ መጨረሻ! ከተሳሳትሽ መሸፈን የለም። ሰማዩ ላይ ስትደርሺ ጢሙ አልቆለታል!"

አጠገባችን የነበሩት ባልና ሚስት ዞር አሉ። አባቴ ለእነሱም ደገመላቸው። ሌሎች ሦስት ሰዎች ተጨመሩ፣ ለእነሱም ከመጀመሪያው ጀመረላቸው። የወርቅ ጠርዝ ያለው የፋርማሲ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ ሁሉ ነገራቸው፤ መጀመሪያ ጠርዙ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ ጥላው። ሲያወራ የቀኝ እጁ ጣት ሱሪው ላይ ይጽፍ ነበር። እኔ ጣቱን ነበር የማየው። ደስታው አልያዝ ብሎኝ ያኔውኑ አፈነዳሁት።

"አባዬ፣ ውድድሩ ላይ አስመዝግቤሃለሁ። አሁን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።"

ጣቱ ቆመ።

"የምን ውድድር?"

"ብልቃጥ ውስጥ መጻፍ። አምስት ሰው ነው፣ አንተ አምስተኛው ነህ።"

ምንም ሳይለኝ ሄደ። እንዲህ ሲሆን እጠላዋለሁ፤ ቢጮህብኝ ይሻለኛል። ተከትዬው ስደርስ አንድ የተሰነጣጠቀ የመሰለ ግራጫ ጎድጓዳ ሳህን ፊት ቆሞ አገኘሁት።

"ሞክሬያለሁ" አለኝ ሳያየኝ።

"ምኑን?"

"ካገገምኩ በኋላ። አንድ ጠዋት አንቺ ስትወጪ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ አንድ ፊደል ጻፍኩ። ተንቀጠቀጠ። እንደ ትል ነበር የተጣመመው። አጠፋሁትና ተውኩት።"

"በምንድን ነው የጻፍከው? ብሩሾቹ እኮ ቁም ሣጥኑ ላይ ናቸው።"

ወደ ሳህኑ ይበልጥ ጎንበስ አለ።

"አባዬ፣ በምንድን ነው የጻፍከው?"

"በሊፕስቲክሽ።"

ክው አልኩ። ያንን ሊፕስቲክ አክስቴ ወሰደችው ብዬ ሁለት ወር አኩርፌያታለሁ!

"በሊፕስቲክ!" ጠባቂዎቹ ሁሉ ዞሩ። "በሊፕስቲክ ማን ቀጥ አድርጎ ጻፈ? ከንፈሬ ላይ እንኳ ቀጥ አይልልኝም! በአንድ ሊፕስቲክ ፈርደህ ሦስት ዓመት ቤት ተቀመጥክ?"

"ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ሰው ፊት ወጥቼ መንቀጥቀጤን አላሳይም። ይህን ካደረግሽኝ አልምርሽም።"

ድምፁ ራሱ ተንቀጠቀጠ። የዚያን ጊዜ ደነገጥኩ፣ አፈርኩም። የሠራሁት ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ይቅርታ አባዬ፣ ስምህን አሰርዛለሁ ብዬ ወደ ውድድሩ ጠረጴዛ ሄድኩ። እሱም መሰረዜን በዓይኑ ሊያይ ከኋላዬ መጣ፤ አያምነኝም።

ጠረጴዛው በሰው ተከቧል። በመሃል ባለሙያዋ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው ነጭ፣ ቁመታቸው አጭር፣ እጅጌያቸው እስከ ክንድ የተጠቀለለ፣ ሰባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሴት። ከጎናቸው ጉንፋን የያዛት አስተርጓሚ ቆማለች። አራቱ ተወዳዳሪዎች ደርሰዋል፤ የሰዓት ጠጋኝ፣ የጥፍር ቀቢ፣ የቁም ጽሕፈት አስተማሪና የጥርስ ሐኪም። ሕዝቡ የጥርስ ሐኪሙን ነው የደገፈው። ዕድሜውን ሙሉ በጠባብ አፍ ውስጥ በጠማማ መሣሪያ የሠራ ሰው ነዋ! እሱም ይህን አውቆታል። ብልቃጡን ከፍ አድርጎ "በደንብ ክፈቺ፣ አያምሽም" ሲላት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

አስተባባሪውን ለማግኘት በሰው መሃል ስጋፋ፣ ከኋላዬ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

"እንዴት ነው የያዘው?"

ዞርኩ። አባቴ የጥርስ ሐኪሙን እጅ እያየ ነው። ሐኪሙ ብሩሹን እንደ መሰርሰሪያ ጨብጦታል።

"እንዴት ነው የያዘው!" አለ አባቴ እንደገና፣ የባሰ ጮክ ብሎ። በዓለም ላይ አባቴ ሊያየው የማይችለው ነገር ቢኖር በክፉ አያያዝ የተያዘ ብሩሽ ነው። ሰውን በክርኑ እየከፈለ አለፈ። "ይቅርታ ዶክተር፣ ቢያንቁት አይታዘዝም። በሁለት ጣት፣ እንዲህ፣ ትንሿ ጣትዎ ብልቃጡ ላይ ትረፍ። ከክንድ አይደለም፣ ከዚህች ከጣት ነው" እያለ ከጎኑ ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብሩሽ አንስቶ አሳየው።

ወንበሩ የአምስተኛው ተወዳዳሪ ነበር፤ ብሩሹም የእሱ።

አስተባባሪው ዝርዝሩን አየና "አምስቱም ተሟሉ!" ብሎ አጨበጨበ። እኔ አፌን ይዤ ቆምኩ።

አስተርጓሚዋ እያነጠሰች ደንቡን አስረዳች። ሁሉም የሚጽፉት አንድ ቃል ነው፤ ባለሙያዋ የኛን ፊደል ስለማያውቁ እጅን ከእጅ ለማወዳደር ይመቻቸዋል። ቃሉ ግድግዳው ላይ ካለው የትርኢቱ መፈክር የተወሰደ ነው። "ዘመን የሠራውን እጅ ሰበሰበ" ይላል፤ እኔው ነኝ የቆረጥኩት። ተወዳዳሪዎቹ "ሰበሰበ" የሚለውን ይጻፉ። ብልቃጡን ከውጭ እያያችሁ ስለምትጽፉ እንደ ወረቀት ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ፣ መገልበጥ የለም አለች። አባቴ የመጨረሻውን አልሰማም። አሁንም የሐኪሙን ትንሽ ጣት እያስተካከለ ነበር።

ተጀመረ። ሰዓት ጠጋኙ በአጉሊ መነጽር ሆኖ ሁለት ፊደል ከጻፈ በኋላ ሦስተኛውን በእጅጌው አበላሸው፤ እጅጌው እንዴት ብልቃጥ ውስጥ እንደገባ እስካሁን አይገባኝም። የቁም ጽሕፈት አስተማሪው "ወረቀት ላይ ቢሆን!" እያለ ይምላል። ጥፍር ቀቢዋ ጥሩ ጀምራ ነበር፣ ግን ሰ ላይ አበባ ጨመረችበት።

አባቴ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረና ያዘው። አልጀመረም። የብሩሹ ጫፍ ትንቀጠቀጥ ነበር። አየሁት። እሱም አየው። ቀና ብሎ እኔን ፈለገ፣ አገኘኝ። ምን ልበለው? ሌላ ነገር ስላጣሁ ተነስ፣ እንሂድ በሚል እጄን ዘረጋሁለት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ብልቃጡ ዞረ።

ከዚያ ብሩሹ በአንገቱ ገባ። ጫፉ መስታወቱን ሲነካ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ እንዴት እንደቆመ አትጠይቁኝ። አንድ መስመር ወረደ። ሌላ ወረደ። ሁለት እግር፣ አንድ ጣሪያ። ከብዛቱ የተነሳ የሰው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ሊጨርስ አንድ መስመር ሲቀረው ማፏጨት ጀመረ! "አለ! እጁ አለ!" ብዬ የማላውቃትን ሴትዮ አቀፍኳት።

አባቴ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። አስተባባሪው አንስቶ ለሕዝቡ ጮክ ብሎ አነበበ።

"በሰበሰ።"

የሳቅ ጎርፍ ወረደ። አንዱ "እውነት ነው፣ ያ ቀዩ ሣጥን በስብሷል!" አለ። አስተባባሪው ግን ፊቱ ቀላ።

"አባባ፣ ምነው? ይሄ ሁሉ ዕቃ ስንት ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣ በሰበሰ ይሉናል?"

አባቴ ብልቃጡን ተቀብሎ አየ። እኔ ወዲያው ነው የገባኝ፤ ሌላ ማንም ሊገባው አይችልም። አባቴ መስታወት ካየ እጁ ከቀኝ ነው የሚነሳው። አርባ አንድ ዓመት ነዋ! 'ሰ'ን በቀኝ አስቀምጦ ወደ ግራ ሄደ። ሰ እና በ ደግሞ ከውስጥም ከውጭም አንድ መልክ ነው ያላቸው፣ ተገልብጠው እንደሆነ አያሳብቁም። ስለዚህ "ሰበሰበ" ከፊት ሲነበብ "በሰበሰ" ሆነ፤ ያውም አንድ ነቁጥ ሳይጎድለው።

"በኋላ በኩል አንብቡት!" ብዬ ጠረጴዛው ላይ ልወጣ ምንም አልቀረኝ። ብልቃጡን ከእጁ ነጥቄ አዞርኩት። "እዩ፣ በጀርባው አሳልፋችሁ እዩ! ሰ፣ በ፣ ሰ፣ በ! የሱቅ መስታወት ጸሐፊ ነው፣ ገልብጦ ነው የሚጽፈው!"

የቀረቡት ሰዎች አዩና "እህ!" አሉ። አስተባባሪው ግን ራሱን ነቀነቀ። ደንብ ደንብ ነው፣ የብልቃጥ ፊቱ ፊቱ ነው፤ የዶክተሩ ቃል በትክክል ተነቧል አለ። የዶክተሩ "ሰበሰበ" የመንጋጋ ጥርስ ነበር የሚመስለው! ደሜ ፈላ። ልመልስለት ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

"ተዪው። እንሂድ። ራሱ ነገረኝ እኮ።"

"ማን ነው የነገረህ?"

"እጄ። በሰበሰ አለኝ።"

የቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አለቀስኩ፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፣ ግን አለቀስኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለሙያዋ አንዱንም አልሰሙም፤ ቢሰሙም አይገባቸውም። አምስቱን ብልቃጦች ወደ ራሳቸው ስበው አንድ በአንድ መብራት ላይ ያዩ ነበር። የሰዓት ጠጋኙን አስቀመጡ። የዶክተሩን አየት አድርገው በትሕትና አስቀመጡ። የአባቴን ሲያነሱ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሱ፣ መስኮቱ አጠገብ ሄደው በፀሐይ አዩት። ተመልሰው አስተርጓሚዋን አንድ ነገር ጠየቋት።

"'ይሄ የማን ነው?' ይላሉ" አለች በአፍንጫዋ።

"ቃሉ የተሳሳተ እንደሆነ ንገሪያቸው" አለ አስተባባሪው።

ነገረቻቸው። ብልቃጡን አዩና አጭር መልስ ሰጡ። አስተርጓሚዋ ሳቋ ከማስነጠሷ ጋር ተደባለቀባት።

"'ቃሉን አላውቅም። እንዲያውም ላይኛው የቱ ታችኛው የቱ እንደሆነ አሳዩኝ' ይላሉ።"

እውነትም ብልቃጡን ዘቅዝቀው ነበር የያዙት፤ የፊደሎቹ እግር ሁሉ ወደ ሰማይ ነበር። ሰው እንደገና ሳቀ፣ ይሄኛው ሳቅ ግን የሚያም አልነበረም። ባለሙያዋ አልሳቁም። በትንሿ ጥፍራቸው መስታወቱ ላይ አንድ መስመር እየተከተሉ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ አስተርጓሚዋም ቀስ ብላ ተከተለቻቸው።

"'እዚህ ጋ ትንፋሹን ያዘ። እዚህ ድረስ ይዞት ወረደ። እዚህ ለቀቀ። አራቱም ላይ እዚያው ቦታ ነው የያዘው፣ እዚያው ቦታ ነው የለቀቀው።'"

አባቴ ኪሱ ውስጥ የነበረውን እጁን አወጣ።

"እንዴት አወቁ?" አለ በሹክሹክታ። ማንንም አልነበረም የጠየቀው።

ሠላሳ አራት ዓመት ልጁ ነኝ። አሥራ ሁለቱን ቀለም እያቀበልኩ አብሬው ሠርቻለሁ። እግር ሲያወርድ ትንፋሹን እንደሚይዝ አላውቅም ነበር።

"'ስንት ዓመት ሠራ?' ይላሉ።"

"አርባ አንድ" አለ አባቴ። ከዚያ እንደማያቆም ሰው ለአስተርጓሚዋ ይነግራት ጀመር። "ደንበኛው ይመጣል፣ ፊደል እንዳልተሳሳተ ያነባል፣ በርታ ብሎኝ ይገባል። መንገደኛውም ያነባል፣ ያልፋል። እኔ አላማርርም፣ እንዲነበብ ነው የጻፍኩት። ሁሉም አነበበው። ግን ልጄ፣ ያየው ሰው..." በጣቱ ወደ ባለሙያዋ ጠቆመ። "ንገሪያቸው። ይሄንን ንገሪያቸው።"

ነገረቻቸው። ባለሙያዋ ሰምተው ሲጨርሱ ቃሉስ ምን ይላል ብለው ጠየቁ። አስተርጓሚዋ አስተባባሪውን አየችው፣ አስተባባሪው ጣራውን አየ።

"'በሰበሰ' ይላል በያቸው" አለ አባቴ ቀና ብሎ።

የሰሙ ጊዜ ዓይናቸው እስኪጠፋ ሳቁ። እየሳቁም ከጎናቸው የነበረችውን ዱካ ወንበር በእግራቸው ወደ አባቴ ገፉለት። ቀድሞ ያጨበጨበው የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ስለዚህ ይቅር ብዬዋለሁ። አስተባባሪው ሥልጠናው የሚጀምረው ነገ ነው፣ ፕሮግራም አለ፣ ቅጽ መሙላት ይቀድማል አለ። የሰማው አልነበረም። ባለሙያዋ ንጹሕ ብልቃጥ አወጡ፣ አባቴ ተቀመጠ፣ ሁለት ነጭና ሽበታም ራሶች አንድ መብራት ሥር ተጠጉ። ቋንቋ የላቸውም። ሴትዮዋ ጢማቸው ባለበት ቦታ፣ ማለቴ ጢም ቢኖራቸው ኖሮ፣ በጣታቸው እያሳዩት ነበር። አባቴ "ገባኝ፣ ገባኝ፣ መጀመሪያ ጢሙ" ይላል።

እኔ ከኋላው ቆሜ አፍንጫዬን እጠርጋለሁ። አቅፌው መጮህ ነበር የፈለግኩት። ይቅርታ ልለው፣ ነግሬህ አልነበር ልለው፣ ስለ ማሽኑ ሁሉ ልነግረው ፈለግኩ። እጄን ትከሻው ላይ ላደርግ ስዘረጋ ሳይዞር ተናገረ።

"ምን ይገትርሻል? ብርሃን ከለከልሽኝ እኮ። ሂጂ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

ሄድኩ።